ከተማን መጫወቻ የሚያስመስለው ብለር፦ ቲልት ሺፍት እንዴት ይሠራል?

ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ካለ ሕንፃ፣ ከአሥረኛ ፎቅ የተነሣ ፎቶ ነው እንበል። መሐሉ ላይ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ተሰልፈዋል፤ ደረጃው ላይ ስፖርት የሚሠሩት ሰዎች ነጠብጣብ ያህል ይታያሉ። ከላይና ከታች ያለው ሁሉ ግን ደብዝዟል። ፎቶውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞዴል ነው እንዴ?» ብሎ ነው፤ ሪል ስቴቶች ሽያጭ ቢሯቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡትን ዓይነት። ሞዴል አይደለም። እውነተኛው አደባባይ ነው፤ የተለወጠው ጥርት የሚለውና የሚደበዝዘው ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ኢፌክት ቲልት ሺፍት ወይም ሚኒየቸር ይባላል። በስልክ አፕ ሁሉ ስለሚገኝ ቀላል ይመስላል። ሞክረው የተዉት ግን ብዙ ናቸው፤ የሚወጣላቸው መጫወቻ ከተማ ሳይሆን ከላይና ከታች የተበላሸ ፎቶ ስለሆነ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የብለሩ፣ ማለትም የመደብዘዙ፣ መጠን አይደለም። ብለር መከተል ያለበት ነገሩ ከካሜራው ያለውን ርቀት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው የሚያስከትለው ነገሩ ፎቶው ላይ ያለበትን ከፍታ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ አይገጥሙም። ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

## አእምሯችን ለምን ይታለላል?

አውራ ጣትዎን ከዓይንዎ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ትኩር ብለው ይዩት፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይደበዝዛል። አሁን ጣቱን ትተው በመስኮት ማዶ ያለውን ተራራ ይመልከቱ፤ ተራራውም ከሥሩ ያለው ሰፈርም እኩል ይታያሉ። ዓይናችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው ይህንኑ ነው፦ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ጠባብ ከሆነ የምናየው ነገር ቅርብ ነው። ቅርብ ሆኖ ሳለ ደርዘን መኪናና ሕንፃ ከያዘ ደግሞ ትንንሽ ነገር መሆን አለበት።

ፎቶ አንሺዎች ይህን ክልል ዲፕዝ ኦፍ ፊልድ ይሉታል፤ ከፊት እስከ ኋላ በቂ ጥራት ያለው የርቀት መጠን ማለት ነው። በቁጥር እንየው። ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተገጥሞ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 ላይ ነው እንበል። ፎከሱ፣ ማለትም ሌንሱ ይበልጥ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ርቀት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ጥርት የሚለው ክልል ከ4 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ያው ሌንስ 10 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ፎከስ ሲያደርግ ግን ከ5 ሜትር አንሥቶ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ከፎቅ የተነሣ ከተማ በተፈጥሮው ብለር የማይኖረው ለዚህ ነው።

ከተማውን በ1 ለ100 አሳንሶ በእውነተኛ ብለር ለማስመሰል የሌንሱ ቀዳዳም 100 እጥፍ መስፋት አለበት። ከላይ ያልነው ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ100 ሲባዛ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሌንስ ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ብለሩ በሌላ መንገድ መምጣት አለበት፦ ወይ ሌንሱን በማዘንበል፣ ወይ በሶፍትዌር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሮበርት ሄልድና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ፈትነው ነበር። ብለሩ ከርቀቱ ጋር ሲስማማ ተመልካቾች ከተማውን ከእውነተኛው እጅግ ቅርብ አድርገው ገመቱ። ከርቀቱ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር ግን ጉልበቱ ደከመ። ብለር መጨመር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

## ስሙ ከየት መጣ?

ከሌንስ ነው። ቲልት ሌንሱን ማዘንበል፣ ሺፍት ደግሞ ማንሸራተት ነው። ማንሸራተቱ ለሕንፃ ፎቶ የታሰበ ነው፤ ረጅም ሕንፃ ከሥር ሲነሣ ወደ ኋላ የተጋደመ እንዳይመስል ይረዳል። ለሚኒየቸር የሚፈለገው ማዘንበሉ ብቻ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለቱንም የሚችል 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለትንሽ ፊልም ካሜራ አቅርቧል። ሌንስ ሲዘነብል ጥርት የሚለው ገጽ አብሮ እንደሚዘነብል የሚገልጸው ሕግ የሚጠራው በኦስትሪያ ጦር መኮንኑ በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1904 በፓተንት ያስመዘገበው ዘዴ የአየር ላይ ፎቶዎችን ማዛባት ለማረም የታሰበ ነበር። የሚገርመው፣ ሌንስ ማዘንበል በዋናነት የሚጠቅመው ብለር ለማብዛት ሳይሆን ለማጥፋት ነው፦ የዕቃ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ጥርት እንዲል ያዘነብሉታል። ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሲዘነበል ደግሞ ጥርት የሚለው ክልል ይጠብና ከተማው መጫወቻ ይሆናል። ጣሊያናዊው ኦሊቮ ባርቢዬሪ ከሄሊኮፕተር ባነሣቸው የከተማ ፎቶዎች ይህ አጠቃቀም በሰፊው ታወቀ።

ሶፍትዌሩ ግን ምንም አያዘነብልም። ያለቀለት ፎቶ ላይ ብለር ይጥላል፤ የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት።

## የትኛው ፎቶ ይሆናል?

ግማሹ ሥራ ምርጫው ነው፤ እንዲያውም ከግማሽ ይበልጣል። ሞዴልን የምናየው ቆመን፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ስለዚህ ካሜራው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ማጎንበስ አለበት። ከመሬት ሆኖ የተነሣ መንገድ ምንም ቢደረግ ሞዴል አይመስልም። የእግረኛ መሻገሪያ ድልድይም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ የሰዎቹ ፊት እስኪለይ ድረስ ስለሚቀርብ ማንም አይታለልም። በተቃራኒው ከእንጦጦ ላይ ሆኖ መሐል ከተማን ማንሣት አይጠቅምም፤ መኪናውም ሰውም ይጠፋል፣ ዓይን መጠን የሚለካበት ነገር ያጣል። የሚሻለው ከ8ኛ እስከ 15ኛ ፎቅ ያለ ሰገነት ወይም መስኮት ነው፤ ዋናው ነገር ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢገኝ ጥሩ ነው። ድሮን ይህን ሁሉ ያቀልላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያለ ፈቃድ አይበርም።

ሰማይ ፎቶው ውስጥ ካለ ቆርጠው ያውጡት። ጠረጴዛ ላይ ያለ ሞዴል አድማስ የለውም። መኪና፣ ሰው፣ ባቡር፣ የገበያ ጃንጥላ የመሰለ መጠኑን ሁሉም የሚያውቀው ነገር መኖሩ ግን ግድ ነው።

ብርሃኑ ጠንካራ ፀሐይ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥላው ስለታም ሲሆን ነገሮቹ ተቆርጠው የተቀመጡ ይመስላሉ። ደመናማ ቀን ሁሉን ያለሰልሰዋል። አቧራና ጭስ ደግሞ የርቀት ምልክት ስለሆኑ ኢፌክቱን ይገድሉታል። አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አየሩ ታጥቦ ስለሚጠራ ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም።

ሲያነሡ ሁሉም ነገር ጥርት ይበል፦ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ወይም 200፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/250 ሰከንድ ያልዘገየ። ብለር በኋላ ይጨመራል፤ የጠፋ ጥራት ግን አይመለስም።

## ብለሩ ለምን ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል? ክብ ቢሆንስ?

የካሜራ ፎከስ ነጥብ አይደለም፤ ከካሜራው ፊት ለፊት እንደ ቆመ መስታወት ያለ ጠፍጣፋ ገጽ ነው። ካሜራው ወደ ታች ሲያጎነብስ ይህ ገጽ መሬቱን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይቆርጠዋል፤ ያ መስመር ፎቶው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፣ ከሱ ወዲህም ወዲያም ያለው ይደበዝዛል። አፖች ክብ ምርጫም ይሰጣሉ፤ ለሰው ፊት ይሆን ይሆናል፣ ለከተማ ግን ውሸቱ ወዲያው ይታያል፤ ከክቡ በስተግራ ያለው መኪና ከመሐለኛው ጋር እኩል ርቀት ላይ ሆኖ ሳለ ይደበዝዛልና።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ የእውነተኛ ሌንስ ብለር ከፎከሱ መስመር ወደ ላይም ወደ ታችም በእኩል ፍጥነት ነው የሚጨምረው፤ ስሌቱ ልክ ቀጥ ያለ ግራዲየንት፣ ማለትም በእኩል ደረጃ የሚጨምር ሽግግር፣ ይሰጣል። ስለዚህ በሶፍትዌር የምንጥለው ግራዲየንት ለሜዳ መሬት ግምት ሳይሆን ትክክለኛው መልስ ነው። ጣጣው የሚጀምረው መሬቱ ላይ የቆመ ነገር ሲመጣ ነው፤ ወደሱ እንመለሳለን።

## ፎቶሾፕ ላይ እንዴት ይሠራል?

ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ሲኤስ 6 ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። መጀመሪያ ሌየሩን (የፎቶውን ንብርብር) በኮንትሮል ጄ፣ በማክ ደግሞ በኮማንድ ጄ ያባዙ፤ ዋናው ሳይነካ ከሥር ይቀመጥ። ከዚያ ከፊልተር ሜኑ ውስጥ ብለር ጋለሪን፣ ከሱም ቲልት ሺፍትን ይክፈቱ። መሐል ላይ ክብ ምልክት፣ ግራና ቀኝ የሚሄዱ ሁለት ድፍን መስመሮች፣ ከነሱ ውጭ ደግሞ ሁለት የተቆራረጡ መስመሮች ይመጣሉ። በሁለቱ ድፍኖች መካከል ያለው አይነካም። ከድፍኑ እስከ ተቆራረጠው ብለሩ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ከተቆራረጠው ውጭ ያለው ሙሉውን ብለር ያገኛል።

ክቡን ጥርት ማለት ያለበት ነገር ላይ ይጎትቱት። ሁለቱን ድፍኖች ያቀራርቧቸው፤ በመካከላቸው ያለው ከፎቶው ቁመት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይበቃል። የተቆራረጡትን ግን እስከ ፎቶው ጠርዝ ድረስ ይግፏቸው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሁለቱን ዓይነት መስመሮች ያጠጋጋና ብለሩ በአንዴ ይጀምራል፣ ወዲያው ደግሞ ማደጉን ያቆማል። የሌንስ ብለር እንዲህ አያደርግም፤ እስከ ጠርዙ እያደገ ነው የሚሄደው። ካሜራው ትንሽ ተዘንብሎ ከነበረ በድፍኑ መስመር ላይ ያለችውን ነጥብ ይዘው መስመሩን ከመሬቱ ጋር እንዲገጥም ያዙሩት።

የብለሩ መጠን መጀመሪያ 15 ፒክሰል ሆኖ ይመጣል። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ 1500 ፒክሰል ስፋት ያለው ፎቶ ላይ በቂ ነው፣ 6000 ላይ ግን ከነመኖሩም አይታወቅም። ለመነሻ የፎቶውን ረጅም ጎን 1 በመቶ ይውሰዱ፤ 4000 ፒክሰል ከሆነ 40። ከዚያ እያዩ ይቀንሱ። ዲስቶርሽን የሚለው 0 ላይ ይቆይ።

አንድ ሚኒባስ የፊት መስታወት ላይ ያረፈ የፀሐይ ነጸብራቅን ቀረብ ብለው ያስተውሉ። በእውነተኛ ሌንስ ያ ነጥብ ሲደበዝዝ ደማቅ ክብ ይሆናል። ተራው ጋውሲያን ብለር ግን ዙሪያው ካለው ጥቁር ጋር ያዋህደውና ግራጫ እድፍ ያደርገዋል። ምክንያቱ ፎቶው ፋይል ውስጥ ነጭ 255 ላይ ስለሚቆም ነው፤ ነጸብራቁ ከነጭ ወረቀት ሺህ ጊዜ ቢበልጥም ፋይሉ ይህን አያውቅም። ብለር ጋለሪ ውስጥ ኢፌክትስ የሚለው ክፍል ላይት ቦኬ የሚል መቆጣጠሪያ አለው፤ ጥቂት ከፍ ሲደረግ ነጸብራቆቹ ይመለሳሉ። ላይት ሬንጅ የሚለውን ወደ ላይኛው ጫፍ፣ ከ235 እስከ 255 አካባቢ ያጥብቡት፤ አለዚያ ነጭ ግድግዳና የታጠበ ልብስ ሁሉ አብሮ ያበራል።

## ፎቶሾፕ ለሌለውስ?

ጊምፕ በነፃ ይገኛል። ሌየሩን አባዝተው የላይኛውን በብለር ያደብዝዙ፤ ነጭ ሌየር ማስክ ይጨምሩበት። ማስክ ማለት የሌየሩ የትኛው ክፍል እንደሚታይ የሚወስን ጥቁርና ነጭ ሽፋን ነው፤ ነጩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይደብቃል። ግራዲየንት መሣሪያውን ከጥቁር ወደ ነጭ፣ ቅርጹን ባይ ሊኒያር አድርገው ጥርት ማለት ካለበት መስመር ወደ ላይ ይጎትቱ፤ ወደ ታች ያለውን ራሱ ይደግመዋል። ኦፍሴት የሚለውን ከፍ ማድረግ መሐል ያለውን ጥርት ያለ ክልል ያሰፋል።

ይህ መንገድ አንድ ሕመም አለው። መሸጋገሪያው ላይ ግማሽ ብለር ሳይሆን ሙሉ ብለርና ጥርት ያለው ምስል ተደራርበው ነው የሚታዩት፤ ጥርቱ በነጠላ ሥር እንዳለ ዕቃ ብቅ ይላል። መድኃኒቱ ሁለት የብለር ሌየር መሥራት ነው፦ አንዱ 10 ፒክሰል፣ ሌላው 30፤ የ30ው ማስክ ከ10ሩ ርቆ ይጀምር። በአዳዲሶቹ የጊምፕ ቅጂዎች ውስጥ ያለው ፎከስ ብለር ግን ብለሩን ራሱን ስለሚያሳድግ ይህ ችግር የለበትም።

ስልክ ላይ ስናፕሲድ ይበቃል። ሌንስ ብለርን ከፍተው ከክብ ወደ ቀጥታ ይቀይሩ፤ በሁለት ጣት ያስፉ፣ ያዙሩ። ትራንዚሽኑን ሰፋ ያድርጉ። ጠርዙን የሚያጠቁረውን ቪኜት ወደ 0 ይመልሱ፤ ካልተነካ አብሮ ይመጣል። የስልኩ ፖርትሬት ሞድ ግን እዚህ አያገለግልም፤ ርቀት የሚለየው ለጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው።

## ረጅም ሕንፃ መሐል ቢገባስ?

የብዙ ሰው ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 200 ሜትር ያልፋል፤ እግሩ ጥርት ባለው መስመር ላይ ቢሆንም አናቱ ፎቶው ላይ ብዙ ወደ ላይ ይወጣል። ግራዲየንቱ አናቱን ያደበዝዘዋል። ነገር ግን አናቱም እግሩም ከካሜራው ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደተዛባ ዓይኑ ይነግረዋል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም ተመሳሳይ ፈተና አለው፦ ጣሪያው ዙሪያው ካለው አለት ጋር እኩል ነው፣ ግድግዳው 12 ሜትር ገደማ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ግራዲየንቱ ጣሪያውን ጥርት አድርጎ ግድግዳውን ሲያደበዝዝ ቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል።

ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሙሉው እግሩ ያለበትን ያህል ብለር ይያዝ። እግሩ ጥርት ባለው መስመር ላይ ከሆነ፣ በደበዘዘው ሌየር ማስክ ላይ ሕንፃውን ዙሪያውን መርጠው በጥቁር መቀባት ነው። ከዚያ ግን ሌላ ችግር ይከተላል፦ የሕንፃው ዙሪያ ጢስ የመሰለ ጠርዝ ያወጣል። ብለሩ የሕንፃውን ቀለም ወደ ውጭ ስለረጨው ነው፤ ሕንፃው ቢመለስም የተረጨው ቀለም ጀርባው ላይ ቀርቷል። ፎቶሾፕ ላይ ይህን ለመከላከል ከብለሩ በፊት ከሕንፃው በቀር ሁሉንም ይምረጡ፤ ከዚያ በተባዛው ተራ ሌየር ላይ ብለር ጋለሪን ከፍተው ሴሌክሽን ብሊድን 0 ያድርጉ። ጊምፕ ላይ ደግሞ ብለር ከመጣሉ በፊት በክሎን መሣሪያ ሕንፃውን ከላይኛው ሌየር ላይ በዙሪያው ባለው ነገር ይሸፍኑት። ጥንቃቄ አይጠይቅም፤ ይደበዝዛል።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ውስጥ ያለው ሌንስ ብለር ርቀቱን ራሱ ገምቶ ይህን ሥራ ይሞክራል። ለሕንፃ ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድና ምሰሶ በበዛበት መንገድ ላይ ግን ጠርዙን ያምታታዋል፤ ገመዱ ግማሹ ጥርት፣ ግማሹ ደብዛዛ ሆኖ ይገኛል። ሳያጎሉ ስለማይታይ በ100 በመቶ አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል።

## ቀለሙንና የመጨረሻውን ማጣሪያ

ሞዴል የሚቀባው በደማቅ ቀለም ነው፣ በሱና በዓይናችን መካከልም አቧራ የለም። ስለዚህ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ከ15 እስከ 30፣ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ጥቂት ከፍ ይበል፤ ጭጋግ የሚቀንሰው ዲሄዝ ካለ 10 ወይም 15 ይጨመር። የሰው ቆዳ ብርቱካን መምሰል ከጀመረ አልፈዋል ማለት ነው። ሻርፕን የሚደረገው መሐል ያለው ጥርት ያለ ክልል ብቻ ነው። ብለሩ የፎቶውን ደቃቅ ነጠብጣብ (ኖይዝ) ስለሚጠርግ ደብዛዛው ክፍል እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ ሰፋፊ ግድግዳዎች ላይም ቀለሙ በረድፍ በረድፍ ተከፋፍሎ ይታያል፤ 1 ወይም 2 በመቶ ኖይዝ ሁለቱንም ያስተካክላል።

## ቪዲዮ ላይስ ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ፍጥነቱ ካልተነካ ከፎቶ ያነሰ ያታልላል። ትንንሽ ነገር ይፈጥናል፣ ትልቅ ነገር ይዘገያል። የሲኒማ ሰዎች ትንሽ ሞዴል ሲቀርጹ ትልቅ እንዲመስል የሚያዘገዩትም ለዚህ ነው፤ ልኩ የመጠኑ ስኩዌር ሩት ነው። እኛ የምንፈልገው ግልባጩን ነው፦ ከተማው 1 ለ100 እንዲመስል ቪዲዮው 10 እጥፍ ይፍጠን። 5 ደቂቃ የተቀረጸ የትራፊክ እንቅስቃሴ 30 ሰከንድ ይሆናል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከቆመ አንድ ማስክ ለሁሉም ፍሬም ያገለግላል። ንፋስ ትራይፖዱን በጥቂቱ ካንቀሳቀሰው ግን ማስክ ከመሥራትዎ በፊት ቪዲዮውን ስቴብላይዝ ያድርጉ (መንቀጥቀጡን ያጥፉ)፤ አለዚያ ሕንፃዎቹ ከብለሩ ጠርዝ ሥር ገባ ወጣ ሲሉ ይታያሉ።